እጅና እግር ያላት ፊደል

ሐሙስ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ

ወደ ጅማ የሄድኩት ሰው ፍለጋ ነው። ይህንኑ ጠዋት በር ላይ ላገኙኝ ጎረቤቴ ለእትዬ ስንዱ ብነግራቸው ሻንጣዬን አየት አድርገው «እሰይ! ወንድ ነው?» አሉኝ። «አዎ፣ ወንድ ነው፤ ይኑር ይሙት ግን አይታወቅም» ስላቸው ፊታቸው ጠቆረ። «አንቺ ልጅ፣ ለእንዲህ ዓይነቱማ እዚሁ ሰፈር መቼ ጠፋ!» ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ።

ሰውዬው ዓለሙ ይባላል። በጅማ ዙሪያ ባሉት የቡና ከተሞች፣ በሰቃም በአጋሮም፣ በየሻይ ቤቱና በየፀጉር ቤቱ በር ላይ በእጅ የተሣሉ አሮጌ ታፔላዎች አሉ። ጥጋቸው ላይ «ዓለሙ» የሚል ፊርማ አለ። ጅማ ውስጥ የሚያስተምረው የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ታምራት እነዚህን ታፔላዎች ከየባለቤቱ እየለመነ ሰብስቦ እሑድ ከሰዓት በአንድ አዳራሽ ለሕዝብ ሊያሳይ ነው። ሠዓሊው ማን እንደሆነ ግን አያውቅም። «መጥተሽ ፈልጊልኝ፣ መክፈቻውም ላይ ትናገሪያለሽ። ሰውዬው በሕይወት ካለ አንድ ቀን እንኳ ይጨብጨብለት» አለኝ በስልክ።

እኔ የማስተምረው የሥዕል ታሪክ ነው። ከሁሉ የምወደው ክፍል ከሦስት አራት መቶ ዓመት በፊት አውሮፓ ውስጥ ስለነበሩት ሴት ሠዓሊዎች ነው። ሌላው በር ስለተዘጋባቸው ሙያውን ከአባታቸው ቤት ለመዱ። ወንድ ሞዴል አስቁሞ መሣል ነውር ስለሆነባቸው የራሳቸውን ፊትና እጅ እያዩ ሣሉ። ሲዋጣላቸው ደግሞ ሥራው በአባት ወይም በባል ስም ወጣ፤ የአንዳንዷን ፊርማ ነጋዴ ሸፍኖ የወንድ ስም አኖረበት። ስለ እነሱ ስናገር ድምፄ ከፍ ስለሚል ተማሪዎቼ «የሴቶቹ ጠበቃ» ይሉኛል። ታምራት ይህን ያውቃልና «ለአንድ ቀን እንኳ ለወንድ ተሟገቺ» ብሎ ሳቀብኝ። እሺ አልኩ።

ወልቂጤ ላይ አውቶቡሱ ለምሳ ቆመ፤ ክትፎ በቆጮ በላሁ፣ ጎኔ የተቀመጠችው ነጋዴ ግማሹን አገዘችኝ። ከዚያ የጊቤ ቁልቁለት ጀመረ። ሙቀቱ ሹራቤን አስወለቀኝ፣ ወንዙን ተሻግረን ሽቅብ ስንወጣ መልሶ አስለበሰኝ። ከሰኮሩ ወዲያ አረንጓዴው እየወፈረ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ሀገር ላይ ሠዓሊ ቢበቅል ምን ይገርማል እያልኩ አንገቴ እስኪያመኝ በመስኮት ሳይ ነበር። ጅማ ስንገባ ዝናቡ ተቀበለን።

ታምራት ከመናኸሪያው በቀጥታ ወደ አዳራሹ ወሰደኝ። ከላይ «የሠዓሊ ዓለሙ ሥራዎች» የሚል ትልቅ ባነር ተሰቅሏል፤ ከሥሩ ታፔላዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ወይ ጉድ! በስኒ ቡና የሚጠጣ አንበሳ አለ። ፀጉሩ ግማሹ ተላጭቶ ግማሹ የቀረ ሙሽራ አለ። ሳሕን ላይ ተጠብሶ ተኝቶ ዓይኑን የሚጠቅስ ዓሣ አለ! እንደ እብድ ከአንዱ ወደ አንዱ ሮጥኩ።

«እጆቹን እይልኝ» አልኩት ታምራትን። የሰዎቹ ፊት በጥድፊያ የተሠራ ነው፤ እጃቸው ግን ሕይወት አለው፣ ጅማቱ ይቆጠራል። ደግሞ ሕይወት ያለው ሁሉ ግራ እጅ ነው። ቀኙ ከአንድ ታፔላ በቀር ወይ ኪስ ውስጥ ነው፣ ወይ ከጀርባ ነው፣ ወይ ጋቢ ሥር ነው። የሁሉም ትንሿ ጣት ጫፏ ላይ ወደ ውስጥ ጠምዘዝ ብላለች።

«ዓለሙ ግራኝ ነበር ይላሉ» አለኝ ታምራት። እኔም አመንኩት።

አርብ፣ አጋሮ

ታምራት ነጂብ የሚባል የጅማ መርካቶ ልጅ ከነአሮጌ መኪናው አገናኘኝ። ነጂብ በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ይጨርሳል፣ እየነዳ ለሁለት ሰው ያህል ያወራል። የአጋሮ መንገድ ግራና ቀኙ ቡና ነው፤ ከትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ቀይ እሸት ተንዠርግጎ ይታያል። በየደጁ በቆመው ማድረቂያ አልጋ ላይ ሴቶች እየዘፈኑ ቡና ያገላብጣሉ። አቁምልኝ እያልኩ ነጂብን አሰለቸሁት።

አጋሮ የደረስነው ሰው ከጁምዓ ሲወጣ ነው። ሐጂ ሙሳ የሆቴል ባለቤት ናቸው፣ ነጭ ለብሰው በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል። ታፔላቸውን ለታምራት ያዋሱት በብዙ ልመና ነው፤ የተሰቀለበት ቦታ ግድግዳው ላይ ነጭ ሆኖ ቀርቷል።

«ዓለሙን ያውቁታል ሐጂ?»

«ዓለሙን? ወላሂ በዚህ እጄ ጨብጬዋለሁ! ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ። ሰላምታ ብትሰጪው እንኳ ራሱን ነቅነቅ ነው።»

ልቤ ዘለለ። በዚህ መሀል ከጎን ያለው ፀጉር ቆራጭ መቀሱን እንደያዘ ብቅ አለ። «ኧረ ሐጂ፣ ዓለሙማ አጭር ነው፣ ጺማም! የእኔን ታፔላ ራሱ ነው ያመጣልኝ።»

«አጭር? ሰው መሬት ላይ ቆሞ ነው የሚለካው፣ አንተ ቁጭ ብሎ አይተኸው ይሆናል!»

ተያያዙት። ነጂብ መሪውን ጥሎ መጥቶ ዳኛ ሆነ፤ «ዱጋ፣ ዱጋ» እያለ ለሁለቱም እውነት ነው ይላል። ሐጂ በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሩ። «አንድ ጉድለት ነበረበት። በእኔ ታፔላ ላይ ሰውዬውን በግራ እጁ አበላው! እንግዳ ምን ይለኛል? መለስኩለት። አስተካክሎ ላከው፤ ግን ቀኝ እጁ ዳቦ መሰለ፣ ጅማ ስትመለሺ እያት።» ከዚያ ጣታቸውን ቀሰሩ። «እሑድ እመጣለሁ። ዓለሙን የማውቀው እኔ ነኝ። ዓለሙ ነኝ የሚል አታላይ ከተነሣ እዚያው ሰው ፊት ነው የማዋርደው።»

ከአንድ ሠዓሊ ሁለት ሰው ተገኘልኝ ብዬ እየሳቅሁ ወደ ጅማ ተመለስኩ።

ቅዳሜ፣ ሰቃ፣ ከዚያ ጊንጆ

ሰቃ የሄድነው ታምራት ያላገኘው የዓለሙ የመጀመሪያ ሥራ እዚያ አለ ስለተባለ ነው። «ደስታ ሻይ ቤት» አሁን አዲስ ታፔላ አለው፣ በኮምፒውተር የታተመ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም። አሮጌው ጓሮ የዶሮ ቤት ጣሪያ ሆኗል። ባለቤቱ ኦቦ ደሬሳ ሻይ ቤቱን ከአባታቸው ነው የወረሱት፤ «አከም ጅርቱ» ብለው ተቀብለውን፣ ዶሮዎቹን አባረው ቆርቆሮውን አወረዱልኝ። በውኃ አጠብኩት። ከጥጉ ፊርማው ብቅ አለ።

ጮኽኩ። ኦቦ ደሬሳ እባብ የነከሰኝ መስሏቸው ዱላ አነሡ!

ፊርማው «ዓለ» ይልና መጨረሻው ላይ የሌለች ፊደል አለች። ከሥሯ እግር አላት፣ እንደ «ም»። ከጎኗ ደግሞ እጅ ወጥቶላታል፣ እንደ «ሙ»። እግሯ በጥቁር ቀለም ነው፣ እጇ በቀይ። መጀመሪያ የተጻፈው «ዓለም» ነው ማለት ነው፤ የሴት ስም! ኋላ በሌላ ቀለም እጅ ተቀጥሎበት ወንድ ሆነ። የሌሎቹን ታፔላዎች ፎቶ ከስልኬ አወጣሁ። ሁሉም ላይ ያቺው ፊደል ናት፣ እጅም እግርም ያላት። ታምራትም እኔም ቸኩለን «ሙ» ብለን አንብበናታል።

«ይህን ማን ሠራው?» አልኳቸው።

«ሰሌዳውን የሠራው ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር የነበረ አናጺ ነው፣ ሞቷል። ሚስቱ አለች፣ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ። ስሟም» አሉና ፊርማውን እያዩ ቆም አሉ። «ስሟም ዓለም ነው መሰለኝ።»

ነጂብ እንዴት እንደነዳ አላውቅም። እኔ በመንገዱ ሁሉ ስፎክር ነበር። ያው ነው! የአውሮፓው ነገር እዚህም ተሠርቷል! ባሏ ነው ወይ ነጋዴ ነው ስሟን የቀማት፤ ነገ ያንን ባነር በገዛ እጄ እቀደዋለሁ አልኩ። ነጂብ «ማሎ፣ እባክሽ ቀስ በይ እህቴ፤ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ነው» ይለኛል።

ጊንጆ፣ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ፣ ሰማያዊ በር አንኳኳሁ። «ማን ልበል?» የሚል ኮስታራ ድምፅ መጣና በሩ ገርበብ አለ። መጀመሪያ ያየሁት ፊታቸውን አልነበረም፤ የበሩን ጠርዝ የያዘውን ግራ እጃቸውን ነው። ትንሿ ጣት ጫፏ ላይ ወደ ውስጥ ጠምዘዝ ብላለች።

«እትዬ ዓለም» አልኩ፣ እንባዬ መጣ። «ማነው ስምዎን እንዲህ ያደረገብዎት? ያንን እጅ ማነው የቀጠለብዎት?»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «እኔ ነኛ። ማን ይቀጥልልኝ ኖሯል? ግቢ፣ ጫማሽን ጥረጊ።»

እትዬ ዓለም ሸምገል ያሉ ናቸው፣ ጀርባቸው ቀጥ ያለ፣ ምላሳቸው ስል። አባታቸው ከሸዋ ለመንግሥት ሥራ መጥተው እዚህ የቀሩ ናቸው። ግቢያቸው አሁንም የቀለም ማቅጠኛው አኳራጅ ይሸታል። አቮካዶ በማንኪያ አቀረቡልኝና ታሪኩን እየሳቁ ነገሩኝ።

የመጀመሪያ ሥራቸው የሰቃው ሻይ ቤት ነው። ባላቸው ሰሌዳውን ሠሩ፣ እሳቸው ሣሉ፣ በኩራት ጥጉ ላይ «ዓለም» ብለው ፈረሙ። ሰው ግን ፊርማ መሆኑን በምን ይወቅ? ዓለም ማለት ያው ደስታም አይደል? «ደስታ ዓለም ሻይ ቤት» እያለ አነበበው! በሳምንቱ የኦቦ ደሬሳ አባት ታፔላውን ተሸክመው፣ ተቆጥተው መጡ። እኔ ያላወጣሁትን ስም ማን ጨመረብኝ፣ አጥፉልኝ አሉ።

«ባለቤቴ ቀለም ቀባበት አለኝ። እምቢ! ስሜን አላጠፋም። እሳቸው ፊት ብሩሼን ነከር አድርጌ እጅ ቀጠልኩላት። ‹ዓለሙ› ሆነ። በቃ፣ የሰው ስም መሆኑ ታወቀ፣ እሳቸውም ደስ ብሏቸው ሄዱ። በጅ የነበረው ቀለም ቀይ ነበር።»

«ታዲያ ኋላ ለምን አላስተካከሉትም?»

«ምን ቆርጦኝ! ‹ያንን ዓለሙን አምጡልን› እያለ ሰው መጣ። ሴት መሆኔን ሲያውቁ እኮ ‹እህቴ፣ አንበሳው ትንሽ ይሳቅ፤ እህቴ፣ በዚያው በሩንም ቀቢልኝ› ነው። ለዓለሙ ሲሆን ‹ባለሙያው እንዳየው› ይላሉ። ዓለሙ አፉን ሳይከፍት ይከበራል፤ እኔ አፌን ብከፍትም የሚሰማኝ የለም። እንዲህ ያለ ሰው ቤትሽ ቢመጣ ታባርሪዋለሽ?»

ረጅሙ ዝምተኛ ሰውዬ ባላቸው ነበሩ። ታፔላ ሲያደርሱ «ዓለሙ አንተ ነህ?» ሲሏቸው መዋሸት ስለማይሆንላቸው ራሳቸውን ነቅነቅ ብቻ ያደርጉ ነበር። ባለቤታቸው ሲታመሙ የጋሪ ነጂው ያደርሳል፤ አጭሩና ጺማሙ እሱ ነው።

«ግራኝ ነዎት እንዴ?»

«ኧረ በቀኜ ነው የምሥለው። በቀኜ ብሩሽ ይዤ ግራዬን እያየሁ። የማን ወንድ እጅ ላይ ላፍጥጥ?»

ብድግ ብዬ ጉንጫቸውን ሳምኩ። የሦስት አራት መቶ ዓመቶቹ ሴቶቼ ሁሉ እዚህ ጊንጆ ከአቮካዶው ጋር ቁጭ ያሉ መሰለኝ። «ነገ ይመጣሉ! ባነሩን ‹ዓለም› ብለን እናስተካክላለን፣ እጁን እናነሣለን!» አልኩ።

ሳቃቸው ቆመ። «እጁን ብትቆርጡት እኔን ደጃፋችሁ አታዩኝም። ያ እጅ ነው ልጆቼን ያሳደገው።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ደግሞ ልምጣና ምን ልሁን? አጋሮ ያሉት ሐጂ ነገረኛ ናቸው ይባላል። ሰው ፊት ተነሥተው ‹አታላይ! በሌለ ሰው ስም ሸጠሽልናል› ቢሉኝስ? ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የእኔ ግማሽ ነው፣ ያንኑ ግማሹን ልጣው?»

ሐጂ አርብ ዕለት ያሉት ጆሮዬ ላይ አቃጨለ። ያለ ፈቃድዎ ስምዎን አልጠራም ብዬ ቃል ገባሁላቸው፤ ይመጡ ይቅሩ ሳይነግሩኝ በሩን ዘጉ።

እሑድ፣ አዳራሹ

አዳራሹ ጢም አለ። ከመርካቶ ነጋዴው፣ ታምራት ከሚያስተምርበት ኮሌጅ ተማሪው፣ ከየከተማው የታፔላ ባለቤቱ ሁሉ መጥቷል። ሐጂ ሙሳ ፊት ወንበር ላይ ናቸው። ታምራት ስለ ዓለሙ ምን አገኘሽ እያለ ይነዘንዘኛል፤ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብቻ አልኩት፣ ዓይኔ ግን በሩ ላይ ነበር።

መናገር ጀመርኩ። የነዚያን ሴቶች ነገር አነሣሁ፣ የአባታቸውን ቤት፣ የራሳቸውን እጅ እያዩ መሣላቸውን። መሀል ላይ የኋላው በር ተከፈተ። እትዬ ዓለም! ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ሐጂ ታዲያ ትዕግሥታቸው አለቀ። ተነሡ። «እህቴ፣ የፈረንጁ ይቆየን። ዓለሙ የት አለ? አለ ወይስ የለም?» ወደ ሕዝቡ ዞረው እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ገበያ ውስጥ ሰው እንደሚጠራ ተጣሩ፦ «ዓለሙ! ኧረ ዓለሙ!»

ሰው ግራ ቀኙን አማተረ።

«አቤት!» አሉ እትዬ ዓለም።

ሰው ሁሉ ዞረ። አንዱ ሳቀ፣ ሳቁ ግን ወዲያው ሞተበት። እትዬ ዓለም ተነሥተው በመሀል መተላለፊያው መጡ። «ዓለም ብላችሁ ብትጠሩም፣ ዓለሙ ብላችሁ ብትጠሩም አቤት የምለው እኔ ነኝ።»

ሐጂ ጺማቸውን ያዙ። «እኔ የጨበጥኩት እጅ የማን ነበር ታዲያ?»

«የባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማርልኝ። ሰሌዳውን የሠራው እሱ ነው።» ሁለቱንም እጃቸውን ዘረጉ፣ ቀኙን አስቀደሙ። «የሣለው ይኼ ነው። የተሣለው ደግሞ ይኼ ነው።»

ሐጂ ወደ ራሳቸው ታፔላ ሄዱና ጎንበስ ብለው የተሣለውን ግራ እጅ አዩ። ተመልሰው የእትዬ ዓለምን ትንሽ ጣት አዩ። ከዚያ ሐጂ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ዝቅ አሉላቸው።

«ማሻአላህ! ይህን ሁሉ ዓመት በራፌ ላይ ሆነው እንግዳዬን የሚጠሩልኝ እርስዎ ነዎት ለካ!» አሉ። ቀና ብለው ጣታቸውን ቀሰሩ፤ «በግራ ያበሉትን ሰውዬ ግን ይቅር አልልም።»

ሳቁ፣ እልልታው፣ ጭብጨባው አንድ ላይ ፈነዳ። ነጂብ ወንበር ላይ ቆሞ ያፏጫል! እትዬ ዓለም ቦርሳቸውን ከፈቱ። ብሩሽና ትንሽ ጣሳ ጥቁር ቀለም ይዘው መጥተው ኖሯል፤ ለካ ከቤታቸው ሲወጡም ቆርጠው ነበር። ታምራት ወንበር ደግፎላቸው ወጡ፣ ባነሩ ላይ የታተመችው «ሙ» ሥር እግር ቀጠሉላት። «እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል» አሉ ከላይ ሆነው። እኔ በደስታ አለቀስኩ፣ ታምራትም አለቀሰ፣ በኋላ ግን ካደ።

ሰኞ፣ መልስ

ጠዋት መናኸሪያ እትዬ ዓለም በጋዜጣ የተሸፈነ ትንሽ ታፔላ ይዘውልኝ መጡ። «አልደረቀም፣ ሰው እንዳታስነኪው!» ብለው ተቆጡኝ፣ ሳሙኝና ሄዱ። እስከ አዲስ አበባ ጭኔ ላይ አቅፌው ሄድኩ፤ ቀሚሴ አረንጓዴ ሆነ፣ ግድ አልሰጠኝም። ወልቂጤ ላይ ጋዜጣውን ገለጥ አደረግሁ። «የሥዕል ትምህርት ይሰጣል» ይላል፤ ከጽሑፉ ጎን ትንሿ ጣቷ የጠመመች ግራ እጅ ብሩሽ ይዛለች። ጥጉ ላይ ፊርማ አለ። «ዓለም»። እግር ብቻ፣ እጅ የላትም።

ደወልኩ። «እትዬ፣ እጁን ረሱት!»

«አልረሳሁትም» አሉ። «ዓለሙ ትናንት ጡረታ ወጣ።»

ስለነዚያ የድሮ ሴቶች ሳስተምር ሁልጊዜ «ስማቸውን ማን ቀማቸው?» ብዬ ነበር የምጀምረው። ጥያቄው አሁንም ልክ ነው፤ ከእንግዲህ ግን ሌላ እጨምርበታለሁ። ስማቸው ውስጥ ምን ደብቀው አሳለፉ? መልሱን ለማግኘት ፊርማውን ቀስ ብሎ ማንበብ ያስፈልጋል፤ ይህን የተማርኩት ከዶሮ ቤት ጣሪያ ላይ ነው።

ቤቴ ስደርስ ሻንጣውን እንኳ ሳላስገባ ታፔላውን በሩ ላይ ሰቀልኩት። እትዬ ስንዱ ብቅ አሉ። «ሰውዬውን አገኘሽው?» ብለው ሳልመልስ መነጽራቸውን አውጥተው ጮክ ብለው አነበቡ፦ «የሥዕል ትምህርት ይሰጣል፣ ዓለም።» ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። «የቤቱን ስም ዓለም አልሽው? ዓለም ደግሞ ማን ናት?»

«ሠዓሊዋ» አልኳቸው።